ከሲንኩ ዙሪያ የሂና እድፍ እንዴት እንደለቀቀ

ነጩ የመታጠቢያ ቤት ካውንተር ላይ ሂና ፈሶ አድሮ ቡናማ እድፍ ቀረ። በረኪናም፣ ሎሚም፣ ቤኪንግ ሶዳም አላስለቀቀውም።

መላው የተገኘው ካውንተሩ ከምን እንደተሠራ ሲታወቅ ነው። ከሥር ገብቼ የቧንቧውን ቀዳዳ በባትሪ አየሁት፤ ቀለሙ እስከ ውስጥ አንድ ነው፣ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን የለውም። ሶሊድ ሰርፌስ የሚባለው ነው ብዬ ገመትኩ፦ አክሪሊክ (የፕላስቲክ ዓይነት) እና የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ዱቄት። ይሄ ይፈገፈጋል።

320 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ካውንተሩን እያረጠብኩ፣ ሳልጫን፣ ክብ ክብ። ወተት የመሰለ ነጭ ውሃ ወጣ፤ እድፉም አብሮት ሄደ። ከዚያ ይበልጥ ለስላሳ የሆኑትን፣ 400ን ከዚያም 600ን፣ እስከ ካውንተሩ ዳር ድረስ፤ አለበለዚያ የተፈገፈገው ቦታ ለብቻው ይታያል።

ካልቸርድ ማርብል (ከድንጋይ ዱቄትና ሙጫ የሚሠራ ሰው ሠራሽ እብነበረድ) ላይ ግን እባካችሁ አትሞክሩት፤ የላዩ ጄልኮት፣ ማለትም የሙጫ ሽፋኑ፣ ስስ ስለሆነ ተልጦ ያልቃል። የኳርትዝ ካውንተርም በእጅ ከተፈገፈገ የፋብሪካ አንጸባራቂነቱ አይመለስም።