ጉንፋን በበዛበት ክረምት ለቡሄ ልጆች ከረሜላና ሙልሙል እንዴት እንስጥ

ነሐሴ 13 እየደረሰ ነው። እኛ ጎጃም ደግሞ ይሄኔ ዝናቡም ብርዱም ጉንፋኑም አንድ ላይ ነው የሚመጣው፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ቤቱ ተዘግቶ እሳት ዳር ተፋፍጎ ነው የሚዋለው፣ አንዱ ልጅ ካሳለ ሌላውም ማሳሉ አይቀርም። ስለዚ አንዳንድ እናቶች በቃ ዘንድሮ በር ዘግተን እንዋል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ ጅራፍ ሲገምዱ ዱላ ሲመርጡ ከርመው በር ቢዘጋባቸው በጣም ያሳዝናል። መስጠቱን ሳንተው አሰጣጡን ብቻ ብንቀይር በቂ ነው።

መጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ እንወቅ። ጉንፋንም ሆነ ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው በሳልና በማስነጠስ፣ በጩኸትና በዘፈን ጊዜም ከአፍ በሚወጣ ጠብታ ነው፣ ሁለተኛው መንገድ እጅ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ እንደ ሳህንና የበር እጀታ ባለ ጠንካራና ልሙጥ ነገር ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ አስቡት፣ ከረሜላውን ሰፌድ ላይ ዘርግተን "ውሰዱ ልጆች" ስንል ሃያ እጅ አንድ ላይ ይገባል፣ አንዱ አፍንጫውን የጠረገበት ነው፣ ሌላው ወዲያው ልጦ አፉ የሚከት ነው። ከረሜላው ራሱ ምንም አላደረገ፣ ሰፌዱ ላይ የሚገናኘው እጅ ነው ጣጣው።

ስለዚ ዋናው ነገር፣ ቀድማችሁ የየልጁን ድርሻ ለይታችሁ ጠቅልሉ። ከረሜላ ስትገዙ አንድ አንዱ በራሱ ልጣጭ የተጠቀለለውን ግዙ፣ ሱቅ ውስጥ ክፍት ተቀምጦ ባለሱቁ በእጁ እየዘገነ የሚሸጠውን እርቃኑን ያለ ጣፋጭ ተዉት። ማታውን እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ቆሎ ሻጮች እንደሚያደርጉት ንጹህ ወረቀት ጠቅልላችሁ ለአንድ ልጅ ሶስት አራት ፍሬ ክተቱና እጠፉት፣ ያገለገለ ጋዜጣ ግን አይሁን ቀለሙ ይለቃል። ደግሞ አታሳንሱት! ከረሜላው ሲያንስ ልጆች ምን እንደሚያደርጉ እናውቃለን፣ አንዱ መጦ መጦ ለጓደኛው ያቀብላል፣ ማስቲካ እንኳን ካፍ ካፍ ይቀባበላሉ፣ ለየራሳቸው ከደረሳቸው ግን ይሄ ነገር በጣም ይቀንሳል። ብዙ መግዛት ካልተቻለ አይነቱን ቀንሱና ፍሬውን አብዙ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፣ ቡሄ የሚውለው ፍልሰታ ውስጥ ነው። ብዙ ልጆች ይጾማሉ፣ ስለዚ ወተት ያለበት ቸኮሌትና ቶፊ፣ እንቁላልና ቅቤ የገባበት ብስኩት ብትሰጡ ልጁ ወይ ይቸገራል ወይ ለጾሙ ፍቺ ብሎ ኪሱ ውስጥ ሲያልበው ይሰነብታል። የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ተራ ከረሜላ ይሻላል፣ ልጣጩ ላይ የተጻፈውን ማየት ነው።

ሙልሙሉማ አይቀርም፣ የቡሄ ነገር ያለ ሙልሙል ምን ይሆናል። ምጣድ ላይ በደንብ የበሰለ ዳቦ በሽታ አያመጣም፣ ሙቀቱ ቫይረሱን ይገድለዋል፣ የሚያሰጋው ከወጣ በኋላ የሚነካው እጅ ነው። ስለዚ ሙልሙሉን የምታወጣው አንድ ሰው ትሁን፣ ያላመማት፣ እጇን የታጠበች። ከዛ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኖ በደንብ ማቀዝቀዝ ነው፣ ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ከከተታችሁት ያልበዋል ቶሎም ይሻግታል። ሲቀዘቅዝ አንድ አንዱን በወረቀት።

አሁን ልጆቹ መጡ እንበል። ሆያ ሆዬ እየተባለ አውራጁ ሲያወርድ ተቀባዮቹ በሙሉ ድምፅ ሲመልሱ ከተራ ወሬ ይልቅ ብዙ ጠብታ ነው ከአፋቸው የሚወጣው፣ ስለዚ ሳሎን አስገብቶ በር ዘግቶ ማስጨፈር ይቅር፣ ግቢ ውስጥ ይጨፍሩ፣ ከዘነበም በረንዳ ላይ ንፋስ እያገኛቸው። አራስ ወይ አዛውንት ወይ አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይሄ የግድ ነው፣ እማማ ጭፈራውን ማየት ከፈለጉ ጋቢያቸውን ደርበው በመስኮት ይመልከቱ።

ጨፍረው ሲጨርሱ ከመስጠታችሁ በፊት እጅ አስታጥቧቸው። ይሄ ደግሞ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ እንግዳ ሲመጣ ማስታጠብ ወጋችን ነው፣ አንዱ የቤት ልጅ ጆግና ሳሙና ይዞ ይቁም ወይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን በር ላይ ይቀመጥ። ቢያንስ 20 ሰከንድ መታሸት አለበት፣ ልጅ ሰከንድ ስለማይቆጥር አውራጁ እየዘፈነ እነሱ እየተቀበሉ ይታጠቡ፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያደርጉት። ሳኒታይዘር ያላችሁ ሰዎች አልኮሉ ቢያንስ 60 ፐርሰንት መሆኑን እዩ፣ ግን በነሐሴ ጭቃ የያዘ እጅ ላይ ሳኒታይዘር ብዙ አይሰራም፣ ውሃና ሳሙናው ይበልጣል። እና አደራ፣ በዋዜማው ችቦ በሚበራበት ቦታ አልኮል የተቀባ እጅ ሳይደርቅ ወደ እሳት እንዳይጠጋ፣ ይቀጣጠላል!

ስትሰጡ እናንተ አንስታችሁ ለእያንዳንዱ በእጁ፣ ወይ የተጠቀለለውን በርጩማ ላይ ደርድራችሁ አንድ አንድ እያሉ የራሳቸውን ያንሱ። ብር የምትሰጡ ከሆነ ለአውራጁ ብቻ ስጡት፣ አከፋፈሉን እነሱ ያውቁበታል።

ከ4 አመት በታች ለሆኑት ትንንሾች ግን ጠንካራ ከረሜላም ለውዝም ቆሎም አትስጡ፣ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል፣ በተለይ እየሮጠና እየጨፈረ የሚበላ ልጅ ላይ በጣም አደገኛ ነው። ለነሱ ለስላሳ ዳቦ ወይ ሙዝ፣ ሙዝ እንዲያውም ልጣጩ ራሱ መጠቅለያው ስለሆነ ለዚህ ቀን ከሁሉም ይመቻል።

እናንተ ራሳችሁ ካመማችሁስ? ኢንፍሉዌንዛ ከሆነ ድንገት ነው የሚጥለው፣ ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ራስ ምታት፣ ምልክቱ ሳይታይ ከ1 ቀን በፊት ጀምሮ ከታመሙ በኋላም እስከ 5 ወይ 7 ቀን ያስተላልፋል። ስለዚ ያላመመው የቤት ሰው ይስጥ። ሰው ከሌለ ጤናማ ጎረቤት ገዝታ ጠቅልላ በራችሁ ላይ ታስቀምጥላችሁ፣ እናንተ ከርቀት "እንኳን አደረሳችሁ ልጆቼ፣ ዛሬ ስላመመኝ ነው፣ ድርሻችሁ በርጩማው ላይ አለ" በሏቸው፣ ምርቃታቸውን ከበር ላይም ይመርቃሉ። ቀለል ያለ ጉንፋን ይዟችሁ መውጣት የግድ ከሆነ ማስክ አድርጉ፣ ስታስነጥሱ ክርናችሁ ውስጥ፣ በነጠላ ጫፍ አፍንጫ ጠርጎ በዛው ጫፍ ሳህን መወልወል ግን ይቅር።

የሚያስል ልጅ ከመሃላቸው ካያችሁ ጓደኞቹ ፊት አታሸማቅቁት፣ ድርሻውን ቀድማችሁ ስጡትና ቀስ ብላችሁ "እናትህ ጋ ሂድ አንተ፣ ሙቅ ነገር ጠጣ" በሉት። እናቱን የምታውቋት ከሆነ ንገሯት። አንድ አመት ላለፈው ልጅ የጎጃም ማር በሻይ ሳሉን ያስታግሳል፣ ከአንድ አመት በታች ግን ማር በፍጹም አይሰጥም። ለኢንፍሉዌንዛ አንቲባዮቲክ አይሰራም፣ አስፕሪንም ለልጅ መስጠት አደገኛ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ መጠጣት ወይ መጥባት ያቃተው፣ የሚያንዘፈዝፈው ልጅ ከሆነ ጭፈራው ያልቃል ሳይባል ወዲያው ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው፣ ሩቅ ከሆነባችሁ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሩ።

ልጆቹ ሲሄዱ እጃችሁን ሳትታጠቡ ወደ ወጥ እንዳትገቡ፣ የበሩን እጀታና በርጩማውንም በሳሙና ውሃ ጥረጉት። የተረፈውን ከረሜላ ሳትፈቱት ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፣ ሶስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሴቶቹ አበባየሆሽ ብለው ይመጣሉ፣ ያኔ ጾሙም ስለተፈታ ቸኮሌቱንም መጨመር ይቻላል።