ሞሆ ላይ ሳትከሰከሱ ለማረፍ

ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የሚባለውን የሮኬት ጌም የምትጫወቱ የደሴ ልጆች፣ ሞሆን ካልሞከራችኋት ገና ናችሁ። ለፀሐይዋ ከሁሉም የቀረበች ድንጋያማ ፕላኔት ናት፣ ራዲየሷ 250 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ስበቷ የመነሻ ፕላኔታችንን የከርቢንን ሩብ ትንሽ አለፍ ይላል፣ አየር የሚባል ነገር ግን የላትም፣ ስለዚህ ፓራሹት ይዛችሁ አትልፉ።

ዋናው ጣጣ ማረፉ ሳይሆን መድረሱ ነው። ምህዋሯ 7 ዲግሪ ያዘነበለና ሞላላ ስለሆነ መጀመሪያ የናንተን ዝንባሌ ከሷ ጋ አስተካክሉ። ስትደርሱ ደግሞ ፍጥነታችሁ ጉድ ነው፣ እዛው ለመቅረት ብቻ በሰከንድ ከ2,000 ሜትር በላይ መቀነስ ይጠበቅባችኋል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የነዳጁ መስመር ሲያልቅ እያየሁ አጠገቧ ሽው ብዬ አለፍኩ፣ በጣም ነው ያበሳጨኝ። ደካማ ሞተር ከያዛችሁ ማቃጠሉ ረጅም ነው፣ የማቃጠያው ጊዜ ግማሹ ወደሷ በጣም ከምትቀርቡበት ነጥብ በፊት እንዲያልቅ አድርጋችሁ ጀምሩት።

20 ኪሎ ሜትር ላይ መዞር ከጀመራችሁ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 790 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዛ አወራረዱ እንደ ሐረጎ ነው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሹፌር ከላይ ማርሽ ቀንሶ እንደሚይዘው እናንተም የጎን ፍጥነቱን ቀድማችሁ ግደሉት፣ የመንኮራኩሩን እግሮች ዘርጉ፣ መሬት ልትነኩ ስትሉ በሰከንድ ከ5 ሜትር በታች ሁኑ። ላፕቶፑ ባትሪው የማይዝ ከሆነ ደግሞ ሳትወርዱ በፊት ሴቭ አድርጉ፣ መብራቱን ታውቁታላችሁ።