አጽድተው የገጠሙት የስፌት መኪና ክር ሲቋጥር ስህተቱን እንዴት ማግኘትና ማስተካከል ይቻላል?

ሐረር ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚያወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያወጡለት ግራና ቀኝ ደጃፍ ላይ ተደርድረው የሚሰፉት መኪኖች ናቸው። የእናቴን ጥቁር ሲንጀር ቤት ውስጥ ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ መልሼ ከገጠምኩ በኋላ ከጨርቁ ሥር ክር እየተቋጠረ ሲከመርብኝ ሁለት ቀን ታገልኩ፤ በመጨረሻ የሄድኩት ወደዚያው መንገድ ነበር። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ መኪናዋን ገና ሳያዩ «የነካሽው ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

የፈታሁት የላይኛውን ክር ማጥበቂያ ነበር። ክሩ የተበላሸው ከሥር ስለሆነ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሳጠብቅና ሳላላ የከረምኩት የታችኛውን የቦቢን ቤት (የታችኛው ክር የተጠቀለለባት ቦቢን የምትቀመጥበትን) ብሎን ነው። ደህና የነበረውን ክፍልም አበላሸሁት። ከጨርቁ ሥር የሚንዘረፈፍ ክር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከላይኛው ክር መላላት ነው፤ ከላይ ያልተያዘው ክር በታችኛው ተስቦ ወደ ሥር ይወርዳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ባለፔዳሏ ጥቁር መኪና ነው፤ የክር ማጥበቂያዋ በግራ ጫፍ ያለ፣ የቦቢን ቤቷ ከግራ ጎን የሚገባ። በዚያው አሠራር የተሠሩ ብዙ መኪኖችም ስላሉ ለእነርሱም ይሆናል።

መጀመሪያ ቺንጋውን ያውልቁ፤ መኪናዋ ሞተር ካላት ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ። መርፌ ሥር ጣት እያለ ፔዳል መርገጥ አደጋ ነው። ከዚያ የነኩትን ሁሉ በወረቀት ላይ ይጻፉና ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተመለሱ ይመርምሩ። ያልነኩትን ብሎን አይንኩ።

መርፌውን ለማየት ደቂቃ አይፈጅም። የቤት መኪና መርፌ አንገቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው፤ በሌላው ጎን ደግሞ ረጅም ቦይ አለው። ቦዩ ክሩ ወደሚገባበት ጎን መዞር አለበት፤ ይህም ከመርፌው በላይ ያለችው የመጨረሻዋ ክር መያዣ ያለችበት ጎን ነው። ተገላብጦ የገባ መርፌ ስፌት ይዘላል ወይም ጭራሽ አይሰፋም። እስከ ላይ ሳይገፋ የታሰረ መርፌም እንዲሁ ያደርጋል። ለተራ የጥጥ ጨርቅ 14 ቁጥር፣ በሌላው አቆጣጠር 90፣ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማጥበቂያው ላይ ነውና እዚህ ጊዜ ይውሰዱ። ሁለቱ ክብ ቆርቆሮዎች የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሰሃን ይመስላሉ። መግባት ያለባቸው ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ነው፤ ያን ጊዜ ከንፈሮቻቸው ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ክሩም በመካከላቸው ሾልኮ ይገባል። እኔ አፍ ለአፍ ገጥሜያቸው ስለነበር ክሩ ከላያቸው ተንሸራቶ ያልፍ ነበር። ከእነርሱ ቀጥሎ መሐሉ ላይ አግዳሚ ያላት ቀለበት ትገባለች፣ ከዚያ ሞላው፣ በመጨረሻም የሚጠበቀው ቁልፍ። ሁሉም በሚሰኩበት ዘንግ ውስጥ ክብሪት የምትመስል ቀጭን ብረት አለች። ስንፈታ ተንሸራታ ትወድቃለች፤ ትንሽ ስለሆነችም ከአቧራው ጋር ተጠርጋ ትጣላለች። ጨርቁን የሚጫነውን እግር ስናነሳ አግዳሚዋን ገፍታ ክሩን የምትለቀው እርሷ ናት።

ትክክል መግጠምዎን በእጅ ይፈትሹ። እግሩን አንስተው ክሩን ያስገቡ፤ እግሩ ወርዶ የገባ ክር በሰሃኖቹ መካከል አይቀመጥም። ገና መርፌው ውስጥ ሳይከቱት ይሳቡት፦ እግሩ ሲነሳ ያለ ችግር መምጣት፣ ሲወርድ መያዝ አለበት። ሲነሳም ከያዘ ቀጭኗ ብረት የለችም ወይም አግዳሚዋ ከፊቷ አልተቀመጠችም። ሲወርድም ካልያዘ ሰሃኖቹ ተገላብጠዋል፣ ወይም በመካከላቸው የክር ብናኝ ቀርቷል።

ቦቢኑን በቤቱ ውስጥ ሲያስገቡ ክሩን ይሳቡና ፊት ለፊት ይመልከቱት፤ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ መዞር አለበት። እንደ እኔ ብሎኑን ነካክተው ከሆነ የቦቢኑን ቤት በክሩ አንጠልጥለው እጅዎን በቀስታ ነቅነቅ ያድርጉ። ትንሽ ወርዶ ከቆመ ጥሩ ነው። ሳያቋርጥ ከወረደ ላልቷል፤ ካልተነቃነቀ ጠብቋል። ብሎኑ በጣም ትንሽ ዙር ነው የሚፈልገው፤ ካቻቢቴውም ልኩ ይሁን፣ አለዚያ የብሎኑን ራስ ይበላዋል።

የእጅ መንኮራኩሩን የፈታ ሰው ሌላ ችግር ይገጥመዋል፦ መንኮራኩሩ ይዞራል፣ መርፌው ግን አይንቀሳቀስም፤ ወይም ቦቢን ሲጠቀልሉ መርፌው አልቆም ይላል። ጥፋቱ ከትልቁ ቁልፍ ሥር ያለችው ቀለበት ናት። መንኮራኩሩን ፊት ለፊት ሲያዩ ወደ ውስጥ የገቡት ሁለት ጆሮዎቿ ወደ እርስዎ መታጠፍ አለባቸው። እንዲህም ሆና ቁልፉ ካልጠበቀ አውጥተው ግማሽ ዙር ያዙሯትና መልሰው ይግጠሙ።

ዘይቱ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን፤ ቀጭን፣ ውሃ የመሰለ። የምግብ ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ እንደ ድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ ባለበት አገርማ ይብሳል። በየቀዳዳው አንድ ጠብታ ይበቃል።

አሁን ቺንጋውን መልሰው፣ አቡጀዲ አጥፈው ከላይ ቀይ፣ ከታች ጥቁር ክር ያስገቡና ይስፉ። መንኮራኩሩን ሁልጊዜ ወደ ራስዎ ያዙሩ። ከሥር ቀይ ጎልቶ ከታየ የላይኛውን ሩብ ዙር ያጥብቁ፤ ከላይ ጥቁር ከታየ ያላሉት። ሁለቱ ክሮች በጨርቁ መሐል ተጠላልፈው ከየትኛውም ጎን ሳይታዩ ሲቀሩ ልኩ ያ ነው።

መንኮራኩሩን በእጅ በቀስታ ሲያዞሩ መርፌው ከሥር ካለው ብረት ጋር ከተጋጨ ግን ያቁሙ። ያ የመርፌውና ክሩን ከሥር የሚጠልፈው መንጠቆ ጊዜ መዛባት ነው፤ ሌላ ብሎን አይፍቱ። የመኪናዋን ራስ ብቻ ከጠረጴዛዋ ነቅለው፣ በሁለት ቀለም የሰፉትንም ጨርቅ ይዘው ወደ ጠጋኝ ይሂዱ። የነኩትን የጻፉበትን ወረቀትም አይርሱ፤ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርሱን ነው።