ተሳቢን ከመኪና ጋር እንዴት በደንብ ማሰር ይቻላል? ከመንገድ አደጋም ከሌባም

ከሰርቦ ደረቅ ቡና ጭኜ ወደ ጅማ ስመለስ አንድ ብሬከር ላይ ከኋላዬ «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በስፖኪዮ ሳይ የተሳቢው አንገት ከመኪናው ተላቆ በሰንሰለት ብቻ ተንጠልጥሏል። ከኋላው ባጃጅ ነበረች፣ ውስጧ ተማሪዎች። ሰንሰለቱ ባይኖር ምን ይፈጠር እንደነበር ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። ስንነሳ የገጠመው የእህቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ገብቷል» አለኝ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁና ገብቷል ብዬ ተነሳሁ። ከላይ ሲታይ እውነትም የገባ ይመስላል።

ተሳቢ በዓይን አይታሰርም። መግጠሙ የሚታወቀው በእጅ ሲፈተሽ ነው። ከሌባ የምንጠብቀውም እዚያችው መገጣጠሚያ ላይ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ እጽፋቸዋለሁ። የማወራው ስለ ትንሿ ተሳቢ ነው፤ ከፒክአፕ ወይም ከላንድክሩዘር ኋላ ታስራ ቡና፣ የውሃ ታንከር፣ ጄኔሬተር ወይም ብሎኬት ስለምትጭነው። የከባድ መኪና ተሳቢ አያያዙ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ክብደቱን እወቁ

አንድ ኩንታል የሚጎትት ሰውና አንድ ቶን የሚጎትት ሰው እኩል አይደሉም። ሂሳቡ ቀላል ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን 20 ጆንያ ከጫናችሁ 1,200 ኪሎ ነው። ተሳቢው ራሱ 300 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 1,500 ይመጣል። ውሃ ደግሞ ሰው ሳያስበው ይከብዳል፣ 1,000 ሊትር ማለት 1,000 ኪሎ ነው፣ ያውም ታንከሩ ሳይቆጠር።

ከዚያ የእያንዳንዱን ዕቃ አቅም እዩ። ኳሷ ላይ ተጽፏል (ከመኪናው ኋላ ያለችው፣ በተሳቢው አንገት ጫፍ ያለው አፍ የሚጎርሳት የብረት ኳስ ማለቴ ነው)፣ መኪናው መመሪያ ላይ አለ፣ መጎተቻው ብረት ላይም አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ኳሷ 2,000 ኪሎ ብትችል ብረቱ ግን 1,500 ከሆነ የእናንተ ወሰን 1,500 ነው። ሁልጊዜ ትንሹን ቁጥር ያዙ።

ሰው የሚረሳው የአንገቱን ክብደት ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ኳሷ ላይ ማረፍ አለበት። በ1,500 ኪሎ ሂሳብ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ማለት ነው። ካነሰ ተሳቢው መንገድ ላይ ጅራቱን ይወዘውዛል። ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይሰምጣል፣ ፊቱ ይቀልላል፣ መሪው እጃችሁ ላይ ባዶ ይሆናል። ጅማ ውስጥ ይህን ለመለካት የሚቸገር ሰው የለም፣ ቡና ነጋዴ ሁሉ መጋዘኑ ውስጥ ሚዛን አለው። ተሳቢውን ጭናችሁ ሜዳ ላይ አቁሙት፣ ጎማዎቹ ስር ታኮ አድርጉ፣ ሚዛኑ ላይ በኳሷ ቁመት ልክ ጠንካራ ግንድ አቁሙና የአንገቱን ጫፍ እሱ ላይ አሳርፉት። ቁጥሩን አንብቡ። ካነሰ ሁለት ሦስት ጆንያ ወደ ፊት አምጡ፣ ከበዛ ወደ ኋላ ግፉ። ከጭነቱ ወደ 60 በመቶ የሚሆነው ከጎማው ፊት ለፊት ቢሆን ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ኳሷና አፉ አንድ ልክ ይሁኑ

ኳሷ አናት ላይ ልኳ ተቀርጿል። ብዙ የምናገኘው 50 ሚሊ ሜትር ነው። ሌሎችም አሉ፣ 47.6 እና 58.7 ሚሊ የሆኑ። ትልቅ አፍ ትንሽ ኳስ ሲጎርስ ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም፤ ጉድጓድ ላይ ግን ዘሎ ይወጣል። የእኔም ግማሽ ችግር ይህ ነበር። ተሳቢውን ስገዛ የነበረው አፍ ለትልቅ ኳስ የተሠራ ነው፣ እኔ ደግሞ መኪናዬ ላይ የነበረችውን 50 ሚሊ ኳስ ሳልለካ ተጠቀምኩ። ቁጥሩ በዝገት ከጠፋ ካሊፐር ያለው ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አስለኩ።

ከኳሷ ስር ያለውን ዳዶም እዩት። የሚላላ ከሆነ ኳሷ በእጅ ትዞራለች። ሮንዴላው መኖሩን አረጋግጡና ረጅም እጀታ ባለው ቁልፍ አጥብቁት።

ፒኑ

ከመኪናው ስር ያለው ወፍራም ቱቦላሬ ውስጥ የኳሷ ብረት ይገባል፣ ሁለቱን የሚያያይዘው አንድ ፒን ነው። የ50 ሚሊ ቱቦላሬ ፒን 16 ሚሊ ውፍረት አለው። እዚህ ከተማ ፒኑ ሲጠፋ 14 ቁጥር ፌሮ ቆርጦ መሰካት የተለመደ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፌሮው በቀዳዳው ውስጥ ይጫወታል፣ በእያንዳንዱ ማርሽ ለውጥ ይመታል፣ ቀስ በቀስ ቀዳዳውን ሞላላ ያደርገዋል። ቀዳዳው አንዴ ሞላላ ከሆነ በኋላ ትክክለኛ ፒን ብትገዙም አይጠቅምም። ፒኑ ጫፍ ላይ ያለችው የሽቦ ክሊፕም ትንሽ ስለሆነች ትናቃለች። እሷ ከወለቀች ፒኑ በራሱ ንዝረት ይወጣል። ሁለት ትርፍ ክሊፕ ኪስ ውስጥ አይጎዳም።

አገጣጠሙ

መኪናውን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አምጡ፣ ኳሷ ከአፉ ትክክል ስር ትሁን። የእጅ ፍሬን ያዙ። ተሳቢው ጎማ ላይ ያለውን ታኮ አሁን አታንሱ። የአፉን መቀርቀሪያ ክፈቱ፣ ኳሷን ትንሽ ግራሶ ቀቡ፣ ክሪኩን ዝቅ እያደረጋችሁ አንገቱ ሙሉ ክብደቱን ኳሷ ላይ እስኪጥል ጠብቁ። ከዚያ መቀርቀሪያውን ዝጉ። በመዶሻ ካልመታችሁት የማይዘጋ ከሆነ አልገባም ማለት ነው፤ እንደገና አንሱና አስተካክሉት።

ፈተናው ከዚህ በኋላ ነው። መቀርቀሪያው ተዘግቶ እያለ የተሳቢውን ክሪክ እንደገና ወደ ላይ አዙሩ። በትክክል ከያዘ አንገቱ ሲነሳ የመኪናውን ኋላ አብሮ ያነሳል፣ ጎማው ላይ ያለው ሞላ ሲላቀቅ በዓይናችሁ ታያላችሁ። አራት አምስት ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። ካልያዘ አንገቱ ብቻውን ተነስቶ ኳሷ ባዶዋን ትቀራለች። እኔ ያን ቀን ይህን ባደርግ ሰርቦ ግቢ ውስጥ እያለሁ አውቀው ነበር። ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ክሪኩን ጨርሶ ወደ ላይ ሰብስቡት፣ መቀርቀሪያው ቀዳዳ ውስጥም ፒን ወይም ቁልፍ አስገቡ።

ሰንሰለቱ

ሁለት ሰንሰለት ይኑር፣ እያንዳንዱም ብቻውን ሙሉውን ክብደት የሚችል ይሁን። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ፣ ከአንገቱ ስር አጣምራችሁ እሰሯቸው። ተጣምረው ሲያልፉ አንገቱ ቢወድቅ እንኳን እንደ አንቀልባ አቅፈው ይይዙታል፣ አስፋልት ላይ አይተክሉትም። ቀጥ ብለው ከታሰሩ አንገቱ መሬት ይወጋል፣ ተሳቢውም ሊገለበጥ ይችላል። ርዝመታቸው መኪናው ሲታጠፍ የማይወጠር፣ መሬትም የማይነካ ይሁን። የሚጎተት ሰንሰለት በጥቂት ጉዞ ተፍቆ ይሳሳል። በሱቅ ቁልፍ ወይም በተጠማዘዘ ሽቦ አታያይዙት። እነዚህ ክብደት እንዲሸከሙ የተሠሩ አይደሉም።

መብራት ላይ ብዙ አልልም። ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የማታ መብራት፣ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይላችሁ። የጎማ ዳዶዎችን አጥብቁ፣ ኩሽኔታው ግራሶ እንዳለው እዩ፣ ጎሚስታ ጋ ነፋሱን አስለኩ።

መንገድ ላይ

ከተነሳችሁ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ቁሙና ሁሉንም በእጃችሁ ንኩ፤ ኳሷን፣ ፒኑን፣ ሰንሰለቱን፣ የጎማ ዳዶውን። ወደ አጋሮ የምትሄዱ ከከተማ ስትወጡ፣ ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ሰርቦ ላይ ብታደርጉት ጥሩ ነው።

የጊቤን ቁልቁለት ለሚወርድ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ (ዝቅተኛውን) አስገቡ፣ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቆማል። በአውሮፓ ሕግ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። እዚህ ያየኋቸው ብዙዎቹ ጋራዥ ውስጥ የተበየዱ ናቸው፣ ፍሬን የላቸውም። ያን ሁሉ ክብደት መኪናው ብቻውን ነው የሚያቆመው። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ አስገጥሜለታለሁ፣ ጊቤን ሊወርድ ያሰበም ከመነሳቱ በፊት ቢያስገጥም እለምናለሁ።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን አትርገጡ፣ መሪም አታዋክቡ። እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ራሱ ይብረድ። ከዚያ ቆማችሁ ጭነቱን ወደ ፊት አምጡ።

ከሌባ መጠበቅ

ሌባ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተሳቢውን ከነጭነቱ ይፈልጋል። ሌላው ኳሷንና ፒኑን ነቅሎ ለብረት ገዢ ይሸጣል፣ እናንተ ደግሞ ጠዋት ባዶ ቱቦላሬ ታገኛላችሁ።

ተሳቢው ታስሮ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ስታቆሙ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋችኋል። አንደኛው በተራው ፒን ፋንታ የሚገባ ባለ ቁልፍ ፒን ነው። ሁለተኛው መቀርቀሪያው ላይ የሚገባ ነው። አንዱን ብቻ ከቆለፋችሁ ሌባው በሌላኛው በኩል ይፈታዋል፤ ፒኑ ተቆልፎ አፉ ክፍት ከሆነ አንገቱን አንስቶ ይወስዳል፣ አፉ ተቆልፎ ፒኑ ክፍት ከሆነ ደግሞ ኳሷን ከነብረቷ መዝዞ ከተሳቢው ጋር ይሄዳል።

ተሳቢውን ፈታችሁ ስታሳድሩ የኳሷን ብረት ነቅላችሁ ቤት አስገቡ። አፉን በራሱ ቁልፍ ዝጉ፣ ውስጡን ሞልቶ ኳስ እንዳይጎርስ የሚያደርገውን ዓይነት። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፣ በገመድ ወይም በሰንሰለት አስሮ የሚጎትት አለ። ስለዚህ ወፍራም ሰንሰለት በጎማው ቸርኬ ቀዳዳና በሻንሲው አሳልፋችሁ ከሲሚንቶ ምሰሶ ወይም ከትልቅ ዛፍ ጋር እሰሩ። ሰንሰለቱ ይወጠር፣ መሬት ላይም አይተኛ። መሬት ላይ የተኛ ሰንሰለት በመሮና በመዶሻ ድንጋይ ላይ ተደግፎ ይበጠሳል፣ አየር ላይ ያለውን ግን መምታት ይከብዳል። የቁልፉ ቀለበት በሰፊው የሚታይ ከሆነ ሰጌቶ ይገባበታል፣ አጭርና የተሸፈነ ቀለበት ያለውን ምረጡ። አንገቱንም ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አቁሙት፤ መኪና መጠጋት እንዳይችል።

የጅማ ዝናብ ቁልፍ ይበላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ውጭ ያደረ ቁልፍ ጠዋት አልከፈት ሲል ሰው ተናዶ ያነሳዋል፣ ከዚያ በኋላ ሳይቆልፍ ማሳደር ይጀምራል። መድኃኒቱ አሮጌ ከመነዳሪ ነው። ጎሚስታ ጋ የተጣለ ታገኛላችሁ። የእጅ መዳፍ ስፋት ያህል ቆርጣችሁ ከቁልፉ በላይ በሽቦ እሰሩትና እንደ መጋረጃ ይሸፍነው። የቁልፉ ቀዳዳም ወደ ታች ይይ። እኔ እንዲህ ካደረግኩ ሁለት ክረምት አልፏል፣ ቁልፉ አሁንም በአንድ ጣት ይዞራል።

የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። ቁጥር ከሌለው ብየዳ ቤት ወስዳችሁ ሁለት ቦታ ምልክት አስበይዱበት፤ አንዱ የሚታይ፣ አንዱ ከወለሉ ስር ሰው የማያየው። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ብቻ አታስቀሩት፣ ለቤተሰብም ላኩት።