በአሜሪካ በጁሪ አመራረጥና በማስረጃ ጉዳይ ይግባኝ እንዴት ይባላል?

በአሜሪካ ጁሪ (ከተራ ዜጎች ተመርጦ ጥፋተኝነትን የሚወስን ቡድን) ጥፋተኛ ያለው ሰው ይግባኝ ሲጠይቅ ጉዳዩ እንደ አዲስ አይሰማለትም። የኢትዮጵያን ሥርዓት የሚያውቁ ወገኖች ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩንም እንዲመረምርላቸው ይጠብቃሉ፤ እዚያ ግን ምስክር ዳግም አይጠራም፣ ዳኞቹም በዋናነት የሚያዩት የሥር ፍርድ ቤቱ ሕግ ስቶ እንደሆነ ነው።

በቅድሚያ የጊዜ ገደቡን ማክበር ያስፈልጋል። የይግባኝ ማስታወቂያው ፍርዱ ከተመዘገበ በኋላ በፌዴራል ፍርድ ቤት በ14 ቀን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። አጭር ወረቀት ስለሆነ ጠበቃ እስኪገኝ ተብሎ አይዘገይም፤ በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ለመጀመሪያው ይግባኝ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል።

ቀጥሎ የችሎቱ የቃል ግልባጭ ይታዘዛል። ጁሪው የተመረጠበት ቀን ተለይቶ ካልተጠየቀ ከግልባጩ ሊቀር ስለሚችል በግልጽ መጠቀስ አለበት።

የጁሪ ምርጫን በተመለከተ መሠረቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 የሰጠው የባትሰን ውሳኔ ነው። ዐቃቤ ሕግ ምክንያት ሳይሰጥ የጁሪ እጩዎችን የማስነሳት መብት ቢኖረውም በዘራቸው ምክንያት ሊያስነሳቸው አይችልም፤ ተከላካዩ መድልዎ ያለ የሚያስመስል ነገር ካሳየ ዐቃቤ ሕጉ ከዘር ውጭ የሆነ ምክንያት እንዲሰጥ ይጠየቃል፣ ዳኛውም ምክንያቱ እውነተኛ መሆኑን ይወስናል። ዐቃቤ ሕጉ የሰጠውን ምክንያት ለማፍረስ ጠንካራው መንገድ ጥቁርና ነጭ እጩዎች የተያዙበትን ሁኔታ ማነጻጸር ነው። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የግድያ ክስ ስድስት ጊዜ ችሎት የቀረበውን የሚሲሲፒውን ጥቁር ተከሳሽ የከርቲስ ፍላወርስን ፍርድ ሲሽር፣ በስድስተኛው ችሎት ዐቃቤ ሕጉ ያስነሳቸውን አምስት ጥቁር እጩዎች በጠቅላላው 145 ጥያቄ ጠይቋቸው ሳለ የተመረጡትን 11 ነጮች 12 ጥያቄ ብቻ እንደጠየቃቸው ከመዝገቡ ቆጥሮ ነበር። እንዲህ ያለው መድልዎ ከተረጋገጠ ስህተቱ ውጤቱን ለውጧል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልግ ፍርዱ ይሻራል።

የማስረጃ ክርክር ግን ከዚህ ይከብዳል። ይግባኝ ሰሚዎቹ ለሥር ዳኛው ሰፊ ሥልጣን ይተዉለታል፣ ስህተት ቢያገኙም ጁሪው ያለዚያ ማስረጃም ጥፋተኛ ይለው ነበር ብለው ካመኑ ፍርዱን ያጸኑታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጠበቃው ተቃውሞውን በወቅቱ፣ ምክንያቱንም ጠቅሶ፣ ለምሳሌ «የስሚ ስሚ ነው» ብሎ፣ ማስመዝገቡ ይጣራል፤ የተከለከለው የመከላከያ ማስረጃ ከሆነ ደግሞ ምን ያስረዳ እንደነበር በመዝገቡ ላይ መታየት አለበት። በችሎቱ ያልተነሳ ተቃውሞ ስህተቱ እጅግ ግልጽና ከባድ ካልሆነ በቀር አይሰማም።

የይግባኝ ጽሑፉ ሲዘጋጅ እያንዳንዱ ነጥብ የግልባጩን ገጽ ይጠቅሳል። አሥር ቅሬታ ከመደርደር ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ነጥቦችን መምረጥ ይሻላል፤ ብዛት ዋናውን ነጥብ ይሸፍነዋል። የቃል ክርክር ከተፈቀደ አጭር ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች ፍርዱ ቢሻር ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው አዲስ ችሎት እንጂ ነጻ መለቀቅ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕጉም ክሱን መልሶ ሊገፋበት ይችላል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ደግሞ በዚያ መካከል የሚቀርብለትን የጥፋተኝነት ስምምነት ከመፈረሙ በፊት ከአገር ሊያስወጣው ይችል እንደሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።