የሪቨርብ ፔዳል እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይያዛል?

ሪቨርብ ፔዳል የጊታሩ ድምፅ በክፍል ወይም በአዳራሽ ውስጥ እንደሚያስተጋባ የሚያደርግ በእግር የሚጫን መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ከሪቨርብ ዓይነቶች የምትፈልጉትን ድምፅ ለዩ። ስፕሪንግ የሚባለው አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ውስጥ ከሚገጠሙት የሽቦ ጥቅልሎች የመጣ ነው፤ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1961 ራሱን በቻለ ሳጥን አውጥቶታል። ክሩን ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ፕሌት ደግሞ በስቱዲዮ ትልቅ ላሜራ በማንቀጥቀጥ ይሠራ የነበረውን ያስመስላል፣ ለስለስና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሩም የትንሽ ክፍል፣ ሆል የአዳራሽ ነው። ለጀማሪ ሦስት አራት ማዞሪያ ያለው ፔዳል ይበቃል፤ አሥር ዓይነት ድምፅ ያለውን ገዝቶ ሁለቱን ብቻ መጠቀም ገንዘብ ማባከን ነው።

ስትሞክሩ በራሳችሁ ጊታር ሞክሩ። አንድ ኮርድ መትታችሁ ወዲያው ክሮቹን በእጃችሁ ያዙና የሚቀረውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ስሙት። እኩል እየሳሳ ከጠፋ ጥሩ ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ ቆርቆሮ ከተንኳኳ ተዉት። ከዚያ ፈጣን ሪትም ተጫወቱ። ብቻችሁን ስትጫወቱ የሚያምር ሪቨርብ ከባንድ ጋር ጭቃ ይሆናል፣ ስለዚህ ሚክሱንም (የሪቨርቡን መጠን) ዲኬዩንም (ድምፁ የሚቆይበትን ጊዜ) ዝቅ ማድረግ ልመዱ።

ቦታው ከዲስቶርሽን (ድምፁን ከሚያሻክረው ኢፌክት) በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፔዳሎቹ ሰንሰለት መጨረሻ ነው። ዲስቶርሽኑን ከአምፑ ከሆነ የምታገኙት በኢፌክት ሉፕ (አምፑ ጀርባ ላይ ለፔዳል በተዘጋጀው መግቢያና መውጫ) አስገቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ኃይል አቅርቦቱ። "ተበላሽቷል" የሚባል ሪቨርብ ፔዳል ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው አዳፕተሩን ነው። ከፔዳሉ ሶኬት አጠገብ ሦስት ነገር አንብቡ። አንደኛ ቮልት፦ 9 ካለ 9 ስጡት፣ በ18 ሊቃጠል ይችላል። ሁለተኛ ፖላሪቲ (ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ የቱ ጋ እንደሆነ)፦ የአብዛኛው የጊታር ፔዳል ሶኬት መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፣ የሌላ ዕቃ አዳፕተር ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ስለሆነ ሶኬቱ ገባ ብላችሁ ብቻ አትሰኩት። ሦስተኛ ሚሊአምፒር (የኤሌክትሪክ ፍሰቱ መጠን)፦ አዳፕተሩ የሚሰጠው ፔዳሉ ከሚጠይቀው እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ፔዳሉ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይወስዳል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቦስ አርቪ-6 95 ሚሊአምፒር ይበቃዋል፣ የስትራይመን ቢግስካይ ግን 300 ይፈልጋል። 100 ብቻ ከሚሰጥ መውጫ ላይ ብትሰኩት አልነሳ ይላል ወይም እየጠፋ ይበራል። በአንድ ገመድ ብዙ ፔዳል ስታያይዙ ደግሞ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ሊገባ ይችላል፤ ዲጂታል ፔዳሎች የሚፈጥሩት ነው። ሪቨርቡን ለይታችሁ በራሱ አዳፕተር ሞክሩት። ፉጨቱ ከጠፋ ፔዳሉ ጤነኛ ነው፤ መውጫዎቹ እርስ በርስ በኤሌክትሪክ ያልተገናኙ ፓወር ሰፕላይ ግዙ። ለሁለተኛ ፔዳል ከማውጣታችሁ በፊት ለዚህ አውጡ እላለሁ።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ማዞሪያው ሲነካ ከተንጫጫ፣ ኃይሉን ነቅላችሁ ትንሽ ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ንፉበትና ከጫፍ ጫፍ ደጋግማችሁ አዙሩት። ተራ የማሽን ዘይት አትጠቀሙ፣ አቧራ ይሰበስባል። የጃኩ (ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ) ብሎን ከላላ በመፍቻ ብቻ አትጠምዝዙት፤ ጃኩ አብሮ ከዞረ ውስጥ ያለው ሽቦ ይበጠሳል። ክዳኑን ከፍታችሁ ጃኩን ከውስጥ ይዛችሁ አጥብቁት። ባትሪ የሚወስድ ከሆነና ለረጅም ጊዜ የማትጫወቱ ከሆነ ባትሪውን አውጡት፣ ካፈሰሰ ቦርዱን ይበላዋል። ኬብል ከመንቀላችሁ በፊትም የአምፑን ድምፅ ዝቅ አድርጉ።