በጭቃ ጎማ ጥርስ ላይ ተጨማሪ ስንጥቅ ስለማውጣት

ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ የጭቃ ጎማ በዋልካ ላይ አስተማማኝ ቢሆንም፣ በክረምት ጉም በሚወርድበት፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት እርጥቡ አስፋልት ላይ ሲደርስ በቀላሉ ይንሸራተታል። የእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ድፍንና ግትር ስለሆነ በጎማውና በመንገዱ መካከል የሚተኛውን ስስ ውኃ አይሰብረውም። በጥርሱ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ሲወጡ ግን ላስቲኩ በመጠኑ ይላላል፣ ውኃውን የሚጠርግ ጠርዝም ይበዛለታል፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ አሽከርካሪ ልዩነቱን ፍሬን ሲይዝ ያውቀዋል።

ስንጥቁ የሚጠቅመው ለእርጥብ አስፋልትና ለእርጥብ ድንጋይ እንጂ ለዋልካ አይደለም። ዋልካን የሚያራግፈው በጥርሶች መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ስለሆነ፣ ችግሩ የገጠር ጭቃ ብቻ የሆነበት ሰው ጎማውን ባይነካው ይሻላል።

ለሥራው የሚመረጠው ጥርሱ ገና ያላለቀ፣ ጎኑ ያልተሰነጣጠቀና በእርጅና ያልደረቀ ጎማ ነው። የቤት መኪና ጎማ ጥርሱ አጭር ስለሆነ አይሆንም። የቦዩን፣ ማለትም በጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተት፣ ወለል ራሱን ቆርጦ ማጥለቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ ይህ የሚፈቀደው ከቦዩ ሥር ትርፍ ላስቲክ ተደርጎላቸው ለተሠሩና በጎናቸው «ሪግሩቨብል» (ቦዩ እንደገና ሊቆረጥ የሚችል) የሚል ጽሑፍ ላለባቸው የከባድ መኪና ጎማዎች ብቻ ነው። በሌላው ላይ ከተሞከረ በጎማው ውስጥ ያለው ሽቦ ይጋለጣል፤ ሽቦው ውኃ ካገኘው ደግሞ ይዝጋል።

ጎማው ከመኪናው ወልቆ፣ ታጥቦና ደርቆ፣ ጥርሱ እንዳይተጣጠፍም በነፋስ እንደተሞላ ይሠራል። በቅድሚያ የጥርሱ ቁመት በሚሊ ሜትር ይለካል፤ ቁመቱ 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስንጥቁ ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ይበቃዋል፣ ከቦዩ ወለልም ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። መስመሮቹ ጎማው ከሚሽከረከርበት አቅጣጫ ጋር ተሻግረው፣ ማለትም በጎማው ወርድ፣ በጠመኔ ይሰመራሉ። ስፋቱ ሦስት ወይም አራት ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጥርስ አንድ ስንጥቅ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጥርሱ ይሳሳና እየተቦጨቀ ያልቃል። በጥርሱ ጠርዝ በኩልም 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሳይነካ መተው አለበት፤ ስንጥቁ እስከ ጫፍ ከወጣ መቀደድ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ለመቁረጥ የሚመቸው በኤሌክትሪክ የሚግል ምላጭ ያለው መሣሪያ ነው። የምላጩ ጥልቀት በብሎን ከተስተካከለ በኋላ እጅ ሳይቸኩል፣ በአንድ ፍጥነት ይሳባል፤ ላስቲኩ በጣም ከጨሰ ግለቱ በዝቷልና ይቀነስ። ጭሱ ጎጂ ስለሆነ ሥራው ደጅ መሠራት አለበት። በቀዝቃዛ ስለት የሚሠራ ሰው ስለቱን በሳሙና ውኃ ቢያርሰው ይቀለዋል። አንዳንድ ጎሚስታዎች የብረት መጋዝ ይጠቀማሉ፤ እኔ አልመክረውም፣ መጋዝ ላስቲኩን ፍቆ ስለሚያወጣና የስንጥቁን ወለል ሸካራ አድርጎ ስለሚተወው ነው።

በአንድ አክሰል ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች አንድ ዓይነት ካልተሰነጠቁ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ሊስብ ይችላል፤ ቢቻል አራቱንም በአንድ መልክ መሥራት ነው። ስለታም ድንጋይ በበዛበት ኮረኮንች የሚውል መኪና የተሰነጠቀ ጥርሱን ቶሎ ይጨርሳልና፣ ከእንዲህ ያለ ጉዞ መልስ በስንጥቆቹ ውስጥ የተሰካ ጠጠር እየተነቀለ ጫፎቻቸው መቀደድ አለመጀመራቸው መታየት አለበት።